የዴቪስ ካፕ ግጥሚያን ውጤት እንዴት እንገምታለን? ከስም ዝርዝሩ እስከ ጥንዱ ጨዋታ

የአገሮች የወንዶች ቴኒስ ውድድር የሆነው ዴቪስ ካፕ ሲቃረብ ግምት የሚጀመረው ከአገር ስም ነው። «ዘንድሮ ስፔን ናት»፣ «ጣሊያንን ማን ይችላታል?» ይባላል። ስፔን ግን ቴኒስ አትጫወትም። የሚጫወቱት በዚያን ቀን የተሰለፉ ሁለት የነጠላ ተጫዋቾችና አንድ ጥንድ ናቸው፤ ግምቱም መሠራት ያለበት በእነሱ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር እያንዳንዱን ጨዋታ ለየብቻ በመቶኛ ገምቶ በመጨረሻ አንድ ላይ የሚያጋጥም ነው። ደብተር፣ እስክሪብቶና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል። ጅማ ውስጥ ከቡና ቤት ጠረጴዛ ላይም ሆነ ከዩኒቨርሲቲው ዶርም ሆኖ ለመሥራት ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ለሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ነው።

በቃላት እንዳንምታታ፦ «ግጥሚያ» ስንል አገር ከአገር የሚያደርጉት ጠቅላላ ፍልሚያ ነው። «ጨዋታ» በግጥሚያው ውስጥ ያለ አንድ የነጠላ ወይም የጥንድ ፉክክር ነው። «ዙር» ደግሞ ቢያንስ 6 ጌም በ2 ጌም ልዩነት ቀድሞ ያገኘ፣ 6 ለ 6 ከሆነም በታይብሬክ (በነጥብ መለያ) ያሸነፈ የሚወስደው የጨዋታ ክፍል ነው።

1. መጀመሪያ የግጥሚያው ዓይነት ይለይ

ውድድሩ በ1900 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካና በብሪታንያ መካከል ቦስተን ላይ ከተጀመረ ወዲህ ለረጅም ዘመን የሚታወቀው በሦስት ቀን በሚደረጉ 5 ጨዋታዎች ነበር፤ እያንዳንዱም ጨዋታ እስከ 5 ዙር ይሄዳል። በ2019 ይህ ተለወጠ። አሁን በዋናው ውድድር ሁለት ዓይነት ግጥሚያ አለ፤ ሁለቱን ማደባለቅ ከመጀመሪያው መስመር ስህተት ይፈጥራል።

የመጨረሻዎቹ 8 አገሮች አንድ ከተማ ላይ ተሰብስበው ሲጫወቱ ግጥሚያው 3 ጨዋታ ብቻ ነው፣ በአንድ ቀን ያልቃል። መጀመሪያ የሁለቱ አገሮች 2ኛ ተጫዋቾች ይገናኛሉ፣ ቀጥሎ 1ኛዎቹ፣ በመጨረሻ ጥንዱ። አንዱ አገር 2 ለ 0 ከመራ የጥንዱ ጨዋታ ብዙውን ጊዜ አይደረግም።

ወደዚያ የሚያደርሱት ማጣሪያዎች ግን በአንደኛው አገር ሜዳ፣ በሁለት ቀን፣ በ5 ጨዋታ ይደረጋሉ። በመጀመሪያው ቀን የአንዱ 1ኛ ከሌላው 2ኛ ጋር ተሰባጥሮ ሁለት የነጠላ ጨዋታ አለ። በሁለተኛው ቀን ጥንዱ ይቀድማል፤ ከዚያ 1ኛ ከ1ኛ፣ በመጨረሻ 2ኛ ከ2ኛ። 3 ጨዋታ ያሸነፈ ያልፋል።

ሁሉም ጨዋታ አሁን ከ3 ዙር 2ቱን ላሸነፈ ነው። ይህ ለገማች ትልቅ ጉዳይ ነው። እያንዳንዱን ዙር 60 በመቶ የማሸነፍ ዕድል ያለው ተጫዋች በድሮው 5 ዙር ጨዋታውን 68 በመቶ ያሸንፍ ነበር፤ በ3 ዙር ወደ 65 ይወርዳል። ስለዚህ የድሮ ዴቪስ ካፕ ውጤቶችን እያገላበጠ «ታላቁ ሁልጊዜ ያሸንፋል» የሚል ሰው ከሌላ ውድድር መረጃ እያመጣ ነው።

የአፍሪካ ዝቅተኛ ምድቦችን የምትከታተሉ ከሆነ ደግሞ እዚያ ብዙ አገሮች አንድ ቦታ ተሰብስበው በተከታታይ ቀናት ይጫወታሉ፣ ግጥሚያው 2 ነጠላና 1 ጥንድ ነው። በእነዚህ ምድቦች ሦስተኛና አራተኛ ቀን ላይ ድካም ከደረጃ ይበልጣል፤ ሁለት ሰው ብቻ ይዞ የመጣ ቡድን በሳምንቱ መጨረሻ ሲዳከም ማየት የተለመደ ነው።

2. ስሞቹን ማሰባሰብ፣ ሰዓቱንም ማወቅ

ካፒቴኑ እስከ 5 ተጫዋች ያስመዘግባል። ከእነሱ ውስጥ ለነጠላ የሚያሰልፋቸውን ሁለት ሰዎች እሱ ይመርጣል፣ ማን 1ኛ ማን 2ኛ እንደሚሆን ግን በኤቲፒ (በወንድ ፕሮፌሽናል ቴኒስ ተጫዋቾች ማኅበር) ደረጃቸው ይወሰናል። ስለዚህ ካፒቴን ጠንካራ ተጋጣሚ ለመሸሽ ሁለቱን ማለዋወጥ አይችልም፤ የሚችለው አንዱን አውጥቶ ሌላ ማስገባት ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ከአምስቱ ስሞች ተነስቶ ሊሆኑ የሚችሉትን ሁለት ሦስት አሰላለፎች አስቀድሞ ይጽፋል።

በማጣሪያ ዕጣው የሚወጣው ግጥሚያው ከመጀመሩ በፊት ባለው ቀን ነው። በመጨረሻዎቹ 8 ግን የተሰላፊዎቹ ስም የሚታወቀው በዚያው ዕለት፣ ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ነው። እዚህ ላይ ሰዓት መሳሳት ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል። በ2025 የመጨረሻዎቹ 8 የተጫወቱባት ጣሊያን በኅዳር ወር ከእኛ 2 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ በአቆጣጠራችን ለማስላት በፕሮግራሙ ላይ ካለው ባለ 24 ሰዓት ቁጥር 4 ቀንሱ። 16፡00 ተብሎ የተጻፈው ጅማ ላይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፣ 10፡00 ደግሞ ከቀኑ 6 ሰዓት። በመስከረም ማጣሪያዎች አውሮፓ የበጋ ሰዓት ላይ ስለሆነች ልዩነቱ 1 ሰዓት ነው፤ ያኔ የሚቀነሰው 5 ነው። መብራትም ኔትወርክም በፈለጉት ሰዓት ላይገኙ ስለሚችሉ የኢሎ ነጥቦችን (ክፍል 3 ላይ ይብራራሉ) እና ያለፉትን ሳምንታት ውጤቶች ከሰዓት በፊት ደብተር ላይ ገልብጣችሁ አስቀምጡ። ማታ የሚቀረው አሰላለፉን አይቶ ቁጥር መቀየር ብቻ ይሁን።

ስም የሚለዋወጥበት ዋናው ምክንያት የዓመቱ የውድድር መርሐ ግብር ነው። የመጨረሻዎቹ 8 ውድድር የሚመጣው ቱሪን ላይ ከሚደረገው የኤቲፒ የዓመቱ ማጠቃለያ ቀጥሎ ነው፤ ምርጦቹ ደክመው ወይም ተጎድተው ይደርሳሉ። በዚያ ላይ ከ2016 ጀምሮ ዴቪስ ካፕ ላይ የኤቲፒ ነጥብ አይሰጥም። በ2025 ቦሎኛ ላይ የጣሊያኑ ኮከብ ሲነር አልተሰለፈም፣ አልካራዝ ደግሞ በጡንቻ ጉዳት ከስፔን ቡድን ወጣ። ከሁለት ሳምንት በፊት «ጣሊያን ከስፔን» ብሎ የገመተ ሰው የገመተው ሌላ ግጥሚያ ነበር። ፍጻሜውን የተጫወቱት ቤሬቲኒና ኮቦሊ ከካሬኞ ቡስታና ሙናር ጋር ነው፤ ጣሊያን 2 ለ 0 አሸነፈች።

ታዲያ ስም ሳይታወቅ መገመት ግድ ከሆነ ሁለት ግምት ሥሩ። ኮከቡ ቢሰለፍ ቡድኑ 63 በመቶ፣ ባይሰለፍ 45 በመቶ ያሸንፋል እንበል። የመሰለፉ ዕድል 70 በመቶ ከመሰላችሁ፦ 0.70 × 63 = 44.1፣ 0.30 × 45 = 13.5፣ ድምሩ 57.6። የምትጽፉት 58 ነው፤ 63 ብሎ መጻፍ ጉዳቱ የለም ብሎ መወሰን ነው።

3. እያንዳንዱን የነጠላ ጨዋታ በመቶኛ መተመን

መነሻችሁ የኤቲፒ ደረጃ አይሁን። ደረጃው የ52 ሳምንት ነጥብ ድምር ነው፤ ከዘጠኝ ወር በፊት አንድ ትልቅ ውድድር ያሸነፈ ሰው ዛሬ ቢዳከምም ደረጃው ከፍ እንዳለ ይቆያል፣ ከጉዳት የተመለሰ ጠንካራ ተጫዋች ደግሞ ታች ይታያል። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን የሚያወጣው የአገሮች ደረጃም ለዚህ ሥራ አይጠቅምም። እሱ የአራት ዓመት የቡድን ውጤት ነው፤ ዛሬ ማን ራኬት እንደያዘ አያውቅም።

የሚሻለው የኢሎ ነጥብ ነው። ኢሎ ማንን አሸነፈ የሚለውን ይመዝናል፤ ጠንካራ ያሸነፈ ብዙ ይጨምራል፣ ደካማ ያሸነፈ ጥቂት። ቴኒስ አብስትራክት የተባለው ድረ ገጽ በነፃ ያወጣዋል፣ ለሃርድ ኮርት (ጠንካራ ወለል)፣ ለክሌይ (የሸክላ አፈር) እና ለሣር ለየብቻ ጭምር። የሁለቱን ተጫዋቾች ነጥብ ቀናንሱና ልዩነቱን ወደ መቶኛ ቀይሩ፦

ልዩነት 0፦ 50 በመቶ
ልዩነት 50፦ 57 በመቶ
ልዩነት 100፦ 64 በመቶ
ልዩነት 150፦ 70 በመቶ
ልዩነት 200፦ 76 በመቶ
ልዩነት 300፦ 85 በመቶ
ልዩነት 400፦ 91 በመቶ

ይህን ሰንጠረዥ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት፤ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። በካልኩሌተር መሥራት ለሚፈልግ ቀመሩ 1 ÷ (1 + 10 ከፍ በ ((የተጋጣሚ ነጥብ − የእሱ ነጥብ) ÷ 400)) ነው።

የትኛውን ኢሎ? ጠቅላላውንም የሜዳውንም ውሰዱና አማክሉ። የሜዳው ብቻ ጥሩ ይመስላል፣ ነገር ግን በዓመት ጥቂት የክሌይ ጨዋታ ያለው ሰው ላይ በሁለት መጥፎ ቀን ብቻ ይዛባል። ምሳሌ፦ አንደኛው ተጫዋች ጠቅላላ 1,900፣ በሃርድ ኮርት 1,860 ቢሆን አማካዩ 1,880 ነው። ተጋጣሚው 1,800 እና 1,820 ቢሆን 1,810። ልዩነቱ 70፤ ዕድሉ 60 በመቶ።

የእርስ በርስ ታሪክ ሰዎች ከሚገባው በላይ የሚወዱት መረጃ ነው። «ሦስቴ ተገናኝተው ሦስቴም አሸንፎታል» ሲባል አንዱ ጨዋታ ከአምስት ዓመት በፊት፣ አንዱ ተጋጣሚው ታሞ ሊሆን ይችላል። በተመሳሳይ ሜዳ፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት ውስጥ የተደረጉ ከሆኑ ብቻ በመቶኛው ላይ ቢበዛ 3 ነጥብ ጨምሩ (ከዚህ በኋላም የምንጨምረውና የምንቀንሰው ነጥብ የመቶኛ ነጥብ ነው)። ከዚያ በላይ አይገባውም።

የደረጃ ሰንጠረዡ ታች ላሉ ተጫዋቾች ኢሎውም ቀጭን መረጃ ላይ የቆመ ነው። እዚያ የቻሌንጀርን (ከዋናው የኤቲፒ ውድድር አንድ ደረጃ ዝቅ ያለውን) እና የፌዴሬሽኑን አነስተኛ ውድድሮች ያለፉ 10 ውጤቶች አንድ በአንድ አንብቡ፣ ግምታችሁንም ከ25 እስከ 75 ባለው ክልል ውስጥ አቆዩ።

4. ማስተካከያዎች፦ ሜዳ፣ ደጋፊ፣ ከፍታ፣ ድካም

በማጣሪያ ግጥሚያ የሜዳውን ዓይነት የሚመርጠው አስተናጋጁ አገር ነው። ስለዚህ የሜዳ ምርጫውን እንደ መልእክት አንብቡት፤ ካፒቴኑ የራሱን ጥንካሬ ወይም የተጋጣሚውን ድክመት እየነገራችሁ ነው። ግን የሜዳው ኢሎ ይህን በከፊል ስለያዘው ደግማችሁ አትቁጠሩት። ፈረንሳይ በ2014 ስዊዘርላንድን፣ በ2018 ክሮኤሽያን ፍጻሜ ላይ ሊል ከተማ ስትቀበል ሁለቱንም ጊዜ ጣሪያ ባለው ስታዲየም ክሌይ አነጠፈች። ሁለቱንም ጊዜ 3 ለ 1 ተሸነፈች። ሜዳ መምረጥ ይጠቅማል፣ የተጫዋች ጉድለት ግን አይሞላም።

ለአገር ቤት ደጋፊ ከ3 እስከ 5 ነጥብ መጨመር ተገቢ መነሻ ነው። ገለልተኛ ከተማ ላይ ሲሆን ዜሮ። የመጀመሪያ ጥሪው ለደረሰው ወጣት ግን በአገሩ ሕዝብ ፊት መጫወት ሸክም ሊሆንበት ይችላልና ጭማሪውን አትስጡት።

ከፍታ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር ነው፤ ጅማ ውስጥ ራኬት ለያዘ ሰው ግን ማስረዳት አያስፈልግም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፤ ኳሱ ይፈጥናል፣ ከፍ ብሎ ይነጥራል፣ ዝቅተኛ ቦታ ላይ መስመር ውስጥ የሚወድቀው ምት እዚህ አልፎ ይሄዳል። ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆኑ ቦታዎች የተለየ ኳስ የሚፈቀደውም ለዚህ ነው። እንደ ቦጎታ ባለ 2,600 ሜትር ላይ ባለ ከተማ ማጣሪያ ሲደረግ ለአስተናጋጁ ተጨማሪ 3 ነጥብ ስጡ፤ እንግዳው ቡድን የደረሰው ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ከሆነ 5 አድርጉት። ከባድ ሰርቭ (የመክፈቻ ምት) ያለው እንግዳ ሲሆን ግን ጭማሪውን ግማሽ አድርጉ፣ ሳሳ ያለው አየር ለእሱም ይሠራለታልና።

ጣሪያ ያለው ፈጣን ሃርድ ኮርት ላይ ሁለት ከባድ ሰርቭ ያላቸው ሲገናኙ ብሬክ (በተጋጣሚ ሰርቭ ላይ ጌም መውሰድ) ይጠፋል፣ ዙሩ በታይብሬክ ያልቃል፣ በታይብሬክ ደግሞ በሁለት ነጥብ ዕድል ይገለበጣል። እንዲህ ባለ ጨዋታ ግምታችሁን 2 ወይም 3 ነጥብ ወደ 50 ሳቡት።

ለድካም፦ በጨዋታው ዋዜማ ወይም ባለፉት ሦስት ቀናት ከ2 ሰዓት ተኩል በላይ ለተጫወተ 3 ነጥብ ቀንሱ። በዚያ ሳምንት ከሌላ አህጉር ወይም ከሌላ ዓይነት ሜዳ ለመጣ 2። ባለፈው ወር ጨዋታ አቋርጦ ለወጣ 5፤ ጉዳቱ የትከሻ ወይም የሆድ ጡንቻ ከሆነ ደግሞ 8፣ ምክንያቱም ሰርቭን በቀጥታ የሚነኩ ናቸው። እነዚህ ቁጥሮች መነሻ ናቸው። ጠቅላላ ማስተካከያው ግን በአንድ ጨዋታ ከ10 ነጥብ አይለፍ። ከዚያ ካለፈ የምትወዱትን ቡድን ለማሳለፍ ምክንያት እየፈለጋችሁ ነው ማለት ነው።

5. ጥንዱ

ብዙ ገማች የሚወድቀው እዚህ ነው። ሁለቱን የነጠላ ጨዋታዎች አጥንቶ ሲጨርስ ጥንዱን «ያው ግማሽ ግማሽ» ብሎ ያልፈዋል፤ አቦሉንና ቶናውን ጠጥቶ በረካው ሳይቀዳ እንደሚነሳ እንግዳ። በ3 ጨዋታ ግጥሚያ 1 ለ 1 ከሆነ ሁሉ ነገር ያለው በዚያች ጨዋታ ላይ ነው።

2024 ማላጋ ላይ ስፔንና ኔዘርላንድስ ሩብ ፍጻሜ ሲጫወቱ የሆነውን እንመልከት። የስፔኑ ናዳል በሙያ ዘመኑ የመጨረሻ ጨዋታ በቫን ደ ዛንድስኹልፕ ተሸነፈ፣ አልካራዝ ግሪክስፖርን አሸንፎ 1 ለ 1 አደረገ። ጥንዱን አልካራዝና ግራኖየርስ ከኩልሆፍና ከቫን ደ ዛንድስኹልፕ ጋር ተጫወቱ። በስም የሚገምት ሰው እዚህ ላይ ገንዘብ ቆጥሮ ይቀበል ነበር። ኔዘርላንድስ ግን 7 ለ 6፣ 7 ለ 6 አሸነፈች። ኩልሆፍ በጥንድ የዓለም 1ኛ የነበረ ሰው ነው፤ አጋሩም በዚያው ቀን ናዳልን አሸንፎ፣ አልካራዝ እየተጫወተ ሳለ አርፎ ነው የገባው። አልካራዝ የገባው ነጠላውን ጨርሶ ወዲያው ነው።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በፕሮግራሙ ቅደም ተከተል ውስጥ ያለ ነው። 1ኛው ተጫዋች ሁለተኛውን ጨዋታ ስለሚጫወት ወደ ጥንዱ የሚገባው በአጭር ዕረፍት ነው፤ 2ኛው ግን ቀድሞ ስለጨረሰ አርፏል። ኮከቡ ጥንድም ይጫወታል ተብሎ ከተጠበቀ ነጠላውን ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት አስቡ። ይህ ማለት ግን አይቻልም ማለት አይደለም። በ2023 ግማሽ ፍጻሜ ሲነር ጆኮቪችን ሦስት የጨዋታ ማጠናቀቂያ ነጥቦች ተርፎ ካሸነፈው በኋላ ከሶኔጎ ጋር ጥንዱንም ወሰደ፤ ተሸናፊው ጥንድ ውስጥም ጆኮቪች ነበር። ሁለቱም ደክመው ነበርና ድካሙ ተጣፋ።

ጥንዱን ለመተመን ከ50 ተነሱና እንዲህ ቁጠሩ። ዓመቱን ሙሉ አብረው የሚጫወቱ ጥንዶች ለዚህ ግጥሚያ ብቻ ከተጣመሩት ጋር ሲገናኙ 8 ነጥብ። በጥንድ ደረጃ ከመጀመሪያዎቹ 30 ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 4 ነጥብ። ነጠላ ጨርሶ ወዲያው ለሚገባ 3 ይቀነስ፣ ጨዋታው ከ2 ሰዓት ተኩል ካለፈ 5። ሁለቱም ጎን ላይ ያለውን ቆጥራችሁ ልዩነቱን በ50 ላይ ጨምሩ፤ ከ35 እስከ 65 ካለው ክልል ግን አትውጡ። የጥንድ ደረጃ የምታነቡት የግል ደረጃን ነው፤ ሁለት ከፍተኛ ደረጃ ያላቸው ሰዎች አብረው ተጫውተው ካላወቁ ማን መሐል ያለውን ኳስ እንደሚወስድ ገና እየተለማመዱ ነው።

ሌላ ልዩነትም አለ። በኤቲፒ ውድድሮች የጥንድ ጨዋታ ጌሙ ዲውስ (40 ለ 40) ሲደርስ በአንዲት ነጥብ ይወሰናል፣ ሦስተኛው ዙርም እስከ 10 በሚቆጠር ታይብሬክ ይተካል። በዴቪስ ካፕ ግን አድቫንቴጅ አለ (ጌሙን ለመውሰድ ከዲውስ በኋላ በሁለት ነጥብ መብለጥ ያስፈልጋል)፣ ሦስተኛውም ዙር ሙሉ ነው። ጨዋታው ሲረዝም ጠንካራው ጥንድ ትንሽ ይጠቀማል፣ የደከመውም ይጋለጣል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ሦስተኛውን ዙር በአጭሩ ታይብሬክ እያሸነፈ የመጣ ጥንድ ቁጥሩ ከአቅሙ በላይ ሊያሳየው ይችላል።

የተጻፈው ጥንድ የሚጫወተው ጥንድ ላይሆን እንደሚችልም አትርሱ። ካፒቴኑ ከነጠላዎቹ በኋላ ሊቀይር ይችላል። ስለዚህ ራሳችሁን ጠይቁ፦ 1 ለ 1 ቢሆን ይህ ካፒቴን ማንን ያስገባል? ባለፉት ሁለት ሦስት ግጥሚያዎች ያደረገው ከተናገረው የበለጠ ይነግራችኋል። የ2023 ሩብ ፍጻሜ ላይ ፊንላንድ የወቅቱን ሻምፒዮን ካናዳን ስታስወጣ ወሳኙን ጥንድ ያሸነፉት የጥንድ ባለሙያው ሄሊዮቫራና ቀድሞ ነጠላውን ያሸነፈው ቪርታነን ናቸው። አንድ የጥንድ ባለሙያ ያለው ትንሽ አገር ከሁለት ጥሩ ነጠላ ተጫዋች ብቻ ካለው አገር ጋር ሲገናኝ ከሚታየው በላይ ቅርብ ነው።

6. ማጋጠም

አሁን ሦስት ቁጥር አላችሁ እንበል፦ 2ኛው ተጫዋቻችሁ 60፣ 1ኛው 70፣ ጥንዱ 45 በመቶ። ማሸነፊያ መንገዶቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ሁለቱንም ነጠላ ማሸነፍ፦ 0.60 × 0.70 = 0.42። ሁለተኛው 1 ለ 1 ሆኖ ጥንዱን መውሰድ ነው። 1 ለ 1 የሚሆንበት ዕድል (0.60 × 0.30) + (0.40 × 0.70) = 0.18 + 0.28 = 0.46፤ ይህ በ0.45 ሲባዛ 0.207። ድምሩ 0.627፣ ማለትም 63 በመቶ።

ከዚሁ ስሌት የውጤቱም ዝርዝር ይወጣል፦ 2 ለ 0 የማሸነፍ ዕድል 42 በመቶ፣ 2 ለ 1 የማሸነፍ 21፣ 1 ለ 2 የመሸነፍ 25፣ 0 ለ 2 የመሸነፍ 12። ውጤት ጭምር በሚገመትበት ውድድር ላይ 2 ለ 0 ብላችሁ ትጽፋላችሁ፤ ግጥሚያው ቅርብ ስለሆነ ብቻ 2 ለ 1 የሚሉ ሰዎች እዚህ ላይ ነጥብ ይጥላሉ።

አሁን ደግሞ አንድ ኮከብ ብቻ ያለው ቡድን፦ ኮከቡ 90፣ 2ኛው 35፣ ጥንዱ 40 በመቶ። ሁለቱም ነጠላ፦ 0.315። 1 ለ 1፦ 0.035 + 0.585 = 0.62፣ በ0.40 ሲባዛ 0.248። ድምር 56 በመቶ። የዓለም ምርጡን ይዞ 56! ኮከቡ ጥንዱንም ተጫውቶ ዕድሉ ወደ 60 ከፍ ቢል ድምሩ 69 ይሆናል። ጥንዱ ላይ 20 ነጥብ መለወጥ ግጥሚያውን 12 ነጥብ አንቀሳቀሰው። በ2015 አንዲ መሪ በዚያ ዓመት ካደረጋቸው 8 ነጠላና 3 ጥንድ አንዱንም ሳይሸነፍ ብሪታንያን ለዋንጫ ያበቃው በዚህ ዓይነት ስሌት ነው፤ ሦስቱ ጥንዶች ከወንድሙ ከጄሚ ጋር የተደረጉ ናቸው፣ ያለ እነሱ ስሌቱ አይሞላም ነበር።

ለ5 ጨዋታ ማጣሪያ ሥራው ትንሽ ይረዝማል። በጨዋታ ቅደም ተከተል 75፣ 40፣ ጥንድ 45፣ ከዚያ 60 እና 55 በመቶ ይሁን። ከሦስቱ የመጀመሪያ ጨዋታዎች በኋላ ያለውን ሁኔታ ብቻ አስሉ። 3 ለ 0 የመምራት ዕድል 0.75 × 0.40 × 0.45 = 0.135። በተመሳሳይ መንገድ 2 ለ 1 መምራት 0.4125፣ 1 ለ 2 መመራት 0.37፣ 0 ለ 3 0.0825። አራቱ ተደምረው 1 ካልሆኑ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል። 3 ለ 0 ከሆነ አልቋል። 2 ለ 1 ከሆነ ከቀሩት አንዱን ማሸነፍ ይበቃል፦ 1 − (0.40 × 0.45) = 0.82። 1 ለ 2 ከሆነ ሁለቱንም፦ 0.60 × 0.55 = 0.33። ስለዚህ 0.135 + 0.338 + 0.122 = 0.595፤ 60 በመቶ ገደማ። በሁለተኛው ቀን ካፒቴኑ 2ኛ ተጫዋቹን ሊቀይር ስለሚችል በመጀመሪያው ቀን ማታ የመጨረሻውን ቁጥር እንደገና ተመልከቱት።

ሥራችሁን ከጨረሳችሁ በኋላ፣ ከዚያ በፊት ሳይሆን፣ የውርርድ ገበያውን ግምት ማየት ይቻላል። 1.50 እና 2.60 ተብሎ ከተጻፈ 1 ÷ 1.50 = 66.7፣ 1 ÷ 2.60 = 38.5፤ ድምሩ 105.2 ነው። ከመቶ ያለፈው 5 የአወራራጁ ድርሻ ነው፤ በገንዘብ የሚገምት ሰው ከመነሻው በዚያ ያህል ተበልጧል። 66.7ን በ105.2 ስታካፍሉ 63.4 በመቶ ይመጣል። ከእናንተ ቁጥር በ10 ነጥብ ከራቀ ቁጥራችሁን አትቀይሩ፣ ግን ያላያችሁት የጉዳት ዜና ካለ ፈልጉ።

7. ደብተሩ

ለእያንዳንዱ ግጥሚያ አንድ መስመር ይበቃል፦ ቀን፣ አገሮች፣ ሜዳ፣ ሦስቱ ወይም አምስቱ ቁጥሮች፣ ድምሩ፣ የተጻፈበት ሰዓት። ሰዓቱ የግድ ነው፤ በጓደኛሞች መካከል የሚነሳ ክርክር ሁሉ «ከአሰላለፉ በፊት ነው ወይስ በኋላ የጻፍከው?» የሚል ነው። አሰላለፍ ከተለወጠ የቀድሞውን ሳትሰርዙ ከሥሩ አዲስ መስመር ጻፉ።

ውጤቱ ሲታወቅ ቅጣት ይሰላል። 63 በመቶ ብላችሁ ቡድኑ ካሸነፈ (1 − 0.63) ራሱ በራሱ ተባዝቶ 0.137፤ ከተሸነፈ 0.63 × 0.63 = 0.397። ሁልጊዜ 50 የሚል ሰው በእያንዳንዱ ግጥሚያ 0.25 ያገኛል። ስለዚህ አማካያችሁ ከ0.25 በታች ካልሆነ ይህ ሁሉ ድካም ሳንቲም ከመወርወር አልተሻለም። በዚህ አቆጣጠር 95 ብሎ ፎክሮ የሚሳሳት ሰው በአንድ ምሽት 0.90 ይቀጣል፤ የቡድን ፍቅር የሚያስከፍለው ዋጋ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አንድ ውጤት ግን ምንም አያስተምርም። በ2025 ግማሽ ፍጻሜ ኮቦሊ ቤልጂየማዊውን በርግስን ያሸነፈው ሰባት የጨዋታ ማጠናቀቂያ ነጥቦች ተርፎ፣ የመጨረሻውን ታይብሬክ 17 ለ 15 ወስዶ ነው። በርግስ 55 በመቶ ያሸንፋል ብሎ የጻፈ ሰው ጥሩ ገማች ነው፤ 80 ያለው ግን ባያሸንፍም ቢያሸንፍም ተሳስቷል። ይህን የሚለየው ብዛት ነው። 30 ግምት ሲሞላ ከ60 እስከ 70 በመቶ ያላችኋቸውን ለብቻ አውጡና ስንቱ እንዳሸነፉ ቁጠሩ፤ 10 ካሉ 6 ወይም 7 መሆን አለባቸው። 4 ብቻ ከሆኑ ለተመራጮቹ አብዝታችኋል፣ የደጋፊና የሜዳ ጭማሪዎቹን በግማሽ ቀንሱ። የጥንዱን ጨዋታዎች በሌላ ገጽ ለብቻቸው ቁጠሯቸው፤ ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። 30 ሳይሞላ ግን በአንድ ሽንፈት ተናዳችሁ ቁጥሮቹን አትነካኩ።